ሎት ማጣመርን ለተጫራቹ መተው፦ የጥምር ጨረታ አዘገጃጀት

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ፣ በወልድያም ሆነ በከሚሴ የሚወጡ የጨረታ ማስታወቂያዎችን የሚከታተል ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ ያገኛል፤ እርሱም አሸናፊው የሚለየው «በሎት» (ጨረታው በተከፋፈለበት በእያንዳንዱ የሥራ ወይም የዕቃ ክፍል ለየብቻ) ነው ወይም «በጠቅላላ ድምር» ነው የሚለው ነው። ይህ ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ካለፈው ዓመት ሰነድ እንዳለ የሚገለበጥ ቢሆንም፣ በሚገኘው ዋጋ ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ ከብዙዎቹ የቴክኒክ መስፈርቶች የበለጠ ነው። «በሎት» ሲባል ሁለት ሥራዎችን አብሮ ቢወስድ በርካሽ ሊሠራ የሚችለው ተጫራች ያንን ርካሽ ዋጋ የሚገልጽበት መንገድ ያጣል፤ «በጠቅላላ ድምር» ሲባል ደግሞ አንዱን ሥራ ብቻ ከማንም በተሻለ የሚሠራው አነስተኛ ተጫራች ገና ሰነድ ሳይገዛ ከውድድሩ ይወጣል። በሁለቱም ሁኔታ የትኛው ሥራ ከየትኛው ጋር ቢሄድ እንደሚረክስ የወሰነው፣ የሥራውን ወጪ ከውስጥ የማያውቀው ገዥው ወገን ነው።

ሦስተኛ መንገድ አለ። ተጫራቹ ለእያንዳንዱ ሎት ዋጋ ከመስጠቱ በተጨማሪ አብሮ ሊወስዳቸው የሚመርጣቸውን ሎቶች ራሱ ሰብስቦ ለጥቅሉ አንድ ዋጋ ያቀርባል፤ የጨረታ ኮሚቴው ደግሞ ከቀረቡት የነጠላና የጥቅል ዋጋዎች መካከል ሁሉንም ሎት በአነስተኛ ጠቅላላ ወጪ የሚሸፍነውን ስብስብ ይመርጣል። በዚህ ጽሑፍ ይህ አሠራር ጥምር ጨረታ ይባላል። ስቴፈን ራሰንቲ፣ ቨርነን ስሚዝ እና ሮበርት ቡልፊን እ.ኤ.አ. በ1982 የአውሮፕላን ማረፊያዎችን የመነሻና የማረፊያ ሰዓት ለአየር መንገዶች ለማከፋፈል ያቀረቡት ሐሳብ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው፤ ከአንድ ከተማ የመነሻ ሰዓት ያገኘ አየር መንገድ በሚያርፍበት ከተማ ተስማሚ ሰዓት ካላገኘ የያዘው ነገር አይጠቅመውምና። ለወሎ አንባቢ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የቺሊ ተሞክሮ ነው። ቺሊ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የትምህርት ቤት ምገባ ስትገዛ አገሪቱን በአካባቢ ከፋፍላ፣ ምግብ አቅራቢዎች የሚመቻቸውን አካባቢዎች አጣምረው ዋጋ እንዲሰጡ ስታደርግ ቆይታለች፤ አሸናፊዎቹም በሒሳብ ሞዴል ይለያሉ።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ከሦስት እስከ አሥር የሚደርሱ ሎቶችን በአንድ ጊዜ ለሚያጫርት ዩኒየን፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ ኮሌጅ ወይም ፋብሪካ ነው። የመንግሥት ተቋም የሆነ አዘጋጅ የሚከተሉትን ሐሳቦች ከመተግበሩ በፊት በሚመራበት የግዥ መመሪያ የተፈቀደውን ማረጋገጥና የግምገማ ዘዴውን በሰነዱ ላይ አስቀድሞ ማስፈር ይጠበቅበታል፤ በሰነዱ ያልተጻፈ የማወዳደሪያ ዘዴ፣ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን፣ ቅሬታ ሲቀርብበት አይቆምም።

ጥምር ጨረታ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

አብሮ መሆን ዋጋ የሚጨምርበትና የማይጨምርበት ሁኔታ በባቲ የሰኞ ገበያ በግልጽ ይታያል። ምንም በሬ የሌለው ገበሬ ለሁለት ተመጣጣኝ በሬዎች በአንድ ላይ የሚከፍለው፣ ለየብቻቸው ሊከፍልባቸው ከሚፈቅደው ድምር ይበልጣል፤ አንዱ ብቻውን አያርስለትምና። አንድ በሬ ኖሮት እስከ ዛሬ በመቀናጆ ሲያርስ የቆየው ገበሬ ግን ከሁለቱ አንዱን እንጂ ሁለቱንም አይፈልግም። የመጀመሪያው ተደጋጋፊ (አብሮ ሲሆን ዋጋው የሚጨምር)፣ ሁለተኛው ተተኪ (አንዱ የሌላውን ቦታ የሚይዝ) ዕቃ ፈላጊ ነው፤ ጥሩ ጨረታ ሁለቱም ፍላጎታቸውን ሳይዋሹ የሚገልጹበት መሆን አለበት።

አዘጋጁ ሎቶቹ ተደጋጋፊ መሆናቸውን ከቢሮው ሳይወጣ ሊያውቅ የሚችልባቸው ምልክቶች አሉ። ባለፉት ጨረታዎች «ሎት 3 እና 4 አብረው ከተሰጡኝ ይህን ያህል እቀንሳለሁ» የሚል የቅናሽ ደብዳቤ ቀርቦ ከሆነ፣ አሸናፊዎች ውል ከፈረሙ በኋላ ሥራውን እርስ በርስ ተለዋውጠው ከሆነ፣ ወይም የጭነት መኪኖች በአንድ አቅጣጫ ባዶአቸውን እየተመለሱ ከሆነ፣ ገበያው ራሱ ማጣመር እንደሚፈልግ እየተናገረ ነው። ሎት 1 የጽሕፈት መሣሪያ፣ ሎት 2 የመኪና ጎማ በሆነበት ጨረታ ግን ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው፤ በሎት መለየቱ ይበቃል።

ለቀሪው ማብራሪያ አንድ ምሳሌ እንያዝ። አንድ ዩኒየን በኮምቦልቻ መጋዘኑ ያለውን ማዳበሪያ ወደ ሦስት ቦታዎች ማድረስ፣ በመካነ ሰላም ያከማቸውን እህል ደግሞ ወደ ኮምቦልቻ ማምጣት ይፈልጋል እንበል። ሎት 1 ማዳበሪያ ወደ ሐይቅ፣ ሎት 2 ማዳበሪያ ወደ ውጫሌ፣ ሎት 3 ማዳበሪያ ወደ መካነ ሰላም፣ ሎት 4 እህል ከመካነ ሰላም ወደ ኮምቦልቻ ነው። ሐይቅና ውጫሌ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለሆኑ ሎት 1 እና 2 በአንድ ጉዞ ሊራገፉ ይችላሉ። ሎት 3 እና 4 ደግሞ በአቀስታ በኩል የሚያልፈው የዚያው መንገድ ሂያጅና ተመላሽ ናቸው። ተጫራቾቹ ያቀረቡት ዋጋ የሚከተለው ነው፤ ሁሉም ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ሲሆኑ፣ ከእነዚህ የሚበልጡ ሌሎች የነጠላ ዋጋዎች አልተዘረዘሩም።

ተጫራች ሀ፦ ሎት 3 እና 4 በጥቅል 1,200,000 ብር።
ተጫራች ለ፦ ሎት 1 እና 2 በጥቅል 620,000 ብር፤ ወይም ሎት 1፣ 2 እና 3 በጥቅል 1,290,000 ብር።
ተጫራች ሐ፦ ሎት 1 ለብቻው 280,000 ብር፣ ሎት 3 ለብቻው 780,000 ብር።
ተጫራች መ፦ ሎት 2 ለብቻው 380,000 ብር፣ ሎት 4 ለብቻው 560,000 ብር።
ተጫራች ሠ፦ አራቱም ሎቶች በጥቅል 1,840,000 ብር።

ሎቶቹን መቁረጥ

ሎት ሲቆረጥ መመሪያው አንድ ነው፦ ማንም ተጫራች ከፋፍሎ ሊወስደው የማይፈልገውን ያህል አነስተኛ፣ ከዚያ በታች ግን ያልተሰባበረ መሆን አለበት። በተለመደው ጨረታ ሎቱ ትልቅ እንዲሆን የሚደረገው ቅናሽ ለማግኘት ነው፤ በጥምር ጨረታ ግን ትልቅነቱን ተጫራቹ ራሱ ስለሚፈጥረው አዘጋጁ አነስ አድርጎ ቢቆርጥ አይጎዳም። ይህም ሁለትና ሦስት መኪና ብቻ ያላቸው ባለንብረቶች እንዲገቡ በር ይከፍታል። በሌላ በኩል የሎት ቁጥር በጨመረ መጠን ሊፈጠሩ የሚችሉ ጥቅሎች በእጥፍ እየበዙ ይሄዳሉ፤ 4 ሎት 15፣ 5 ሎት 31፣ 10 ሎት 1,023 ጥቅሎች ሲወጡት፣ 20 ሎት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ይወጣዋል። ከአሥር ሎት በላይ መሄድ በዚህ ደረጃ ላለ አዘጋጅ አይመከርም።

ከቁጥሩ ይልቅ በተግባር የሚረሳው የጊዜ ሰሌዳው ነው። ማዳበሪያው ክረምቱ መንገዱን ሳያበላሸው መድረስ አለበት፤ እህሉ ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ተወቅቶ ወዲያው እንዲጓጓዝ ከተወሰነ፣ ማዳበሪያ አራግፎ የሚመለሰው መኪና የሚጭነው አያገኝምና ሎት 3 እና 4 በወረቀት ላይ ተመላሽ ቢመስሉም በእውነቱ አይገናኙም። ስለዚህ ዩኒየኑ ከእህሉ ቢያንስ የተወሰነውን ክፍል ማዳበሪያው በሚጓዝባቸው ወራት እንዲጫን ማድረግ ይችል እንደሆነ አስቀድሞ መወሰን አለበት። ከጨረታው የሚገኘው ቁጠባ የሚወለደው እዚህ ላይ ነው፤ ቀመሩ ያለውን ቁጠባ ያገኘዋል እንጂ አይፈጥረውም።

የዋጋ ማቅረቢያ ቅጹ

በጥምር ጨረታ አለመግባባት የሚነሳው ከአንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም አንድ ተጫራች ከሰጣቸው ዋጋዎች ውስጥ የትኞቹ አብረው ሊጸኑበት ይችላሉ የሚለው ነው። ተጫራች ለ ሎት 1 እና 2ን በ620,000፣ ሎት 1፣ 2 እና 3ን በ1,290,000 ሲያቀርብ «ከሁለቱ አንዱን» ማለቱ ነው። ተጫራች ሐ ግን ሎት 1ንም ሎት 3ንም ቢያሸንፍ ሁለቱንም ለመሥራት ዝግጁ ሊሆን ይችላል። ቅጹ ይህን ልዩነት ካልያዘ ኮሚቴው በግምት ይተረጉመዋል፤ ግምት ደግሞ ክስ ይወልዳል።

ቀላሉ መፍትሔ ቅጹን ሁለት ክፍል ማድረግ ነው። በሰነዱ ላይ በሚከተለው መልክ ሊጻፍ ይችላል፦ «ተጫራቹ በክፍል 1 ሊሠራቸው ለሚፈልጋቸው ሎቶች ለእያንዳንዳቸው ነጠላ ዋጋ ይሰጣል፤ በክፍል 1 የሰጣቸው ዋጋዎች በሙሉ ወይም በከፊል በአንድ ላይ ሊጸኑበት ይችላሉ። በክፍል 2 ሎቶችን በፈለገው መንገድ በማጣመር እስከ አምስት ጥቅሎች ድረስ ማቅረብ ይችላል። ከክፍል 2 ለአንድ ተጫራች ከአንድ ጥቅል በላይ አይሰጥም፤ ጥቅል የተሰጠው ተጫራች በክፍል 1 የሰጣቸው ዋጋዎች ቀሪ ይሆናሉ። አሸናፊዎች የሚለዩት ሁሉንም ሎቶች ያለ ድግግሞሽ ሸፍኖ ጠቅላላ ወጪው ዝቅተኛ በሚሆነው የዋጋዎች ስብስብ ነው።» አምስት የሚለው ቁጥር ሊለወጥ ይችላል፤ ገደብ መኖሩ ግን አስፈላጊ ነው።

በቅጹ ዙሪያ ሌሎች ጥቂት ነጥቦች አሉ። ዋጋ ሁሉ በብር ቁርጥ ተደርጎ መጻፍ እንጂ በመቶኛ ቅናሽ መገለጽ የለበትም፤ «10 በመቶ እቀንሳለሁ» የሚለው ከየትኛው ድምር ላይ እንደሆነ ሁልጊዜ ያከራክራል። ሁሉም ዋጋ ቫትን ያካተተ ወይም ሁሉም ያላካተተ ይሁን። የጨረታ ማስከበሪያው በሲፒኦ (ባንክ በሚያረጋግጠው የክፍያ ማዘዣ) ሲጠየቅ መጠኑ የሚሰላው ተጫራቹ ሊያሸንፍ ከሚችለው ትልቁ ድምር ላይ እንጂ የሰጣቸው አማራጮች ሁሉ ተደምረው መሆን የለበትም፤ አለበለዚያ ብዙ ጥቅል ማቅረብ በራሱ የሚያስቀጣ ይሆናል። ተጫራቹ ሊወስድ የሚችለው ከፍተኛ የሎት ብዛት ደግሞ ባቀረበው የተሽከርካሪ ሊብሬ ብዛትና የመጫን አቅም ሊወሰን ይገባል።

ለጥቅል ዋጋ የሚሰጥ ሁሉ በጥቅሉ ውስጥ ላሉት ሎቶች ነጠላ ዋጋም እንዲሰጥ ማስገደድ ይጠቅም እንደሆነ ይጠየቃል። እንደ እኔ እምነት ይጠቅማል። ተጫራች ሀ ሎት 3ን ለብቻው 900,000፣ ሎት 4ን ለብቻው 800,000 ብሎ ቢሞላ የሚጎዳው ነገር የለም፤ ባዶ መመለስ ምን ያህል እንደሚያስወጣው በግልጽ ያሳያል፤ ኮሚቴውም ለሚቀጥለው ዓመት ሎት አቆራረጥ የሚሆን መረጃ ያገኛል።

እዚህ ላይ «በሎት» የሚለው ጨረታ ለምን ተጫራች ሀን እንደሚያስፈራው መገንዘብ ይቻላል። በዚያ ጨረታ 780,000 እና 560,000 ካቀረቡት ጋር ለመወዳደር ለሎት 3 700,000፣ ለሎት 4 500,000 መስጠት ነበረበት። ሁለቱንም ካሸነፈ የሚፈልገውን 1,200,000 ያገኛል። ሎት 3ን ብቻ ካሸነፈ ግን 900,000 የሚያስወጣውን ሥራ በ700,000 ይዞ ይቀራል፤ ያኔ ወይ ይከስራል፣ ወይ ሥራውን በመሐል ጥሎ የውል ማስከበሪያውን ያስወርሳል። ይህን የሚያውቅ ጥንቁቅ ነጋዴ ከመጀመሪያውም አይገባም፤ ስለዚህ ገዥው ርካሹን ዋጋ መኖሩን እንኳ ሳያውቅ ይቀራል።

አሸናፊውን ማውጣት

በምሳሌው ዝቅተኛዎቹን የነጠላ ዋጋዎች ብቻ ከወሰድን 280,000፣ 380,000፣ 780,000 እና 560,000 ተደምረው 2,000,000 ብር ይሆናሉ። ብዙ ኮሚቴ ከዚህ ተነስቶ ትልቁን ቅናሽ የሰጠውን ጥቅል መፈለግ ይቀናዋል። የሠ ጥቅል 160,000፣ የለ ትልቁ ጥቅል 150,000፣ የሀ ጥቅል 140,000፣ የለ ትንሹ ጥቅል 40,000 ብር ይቀንሳሉ። በዚህ ዓይን ሲታይ አሸናፊው ሠ ነው። ነገር ግን ጥያቄው የትኛው ጥቅል ይረክሳል ሳይሆን የትኛው ስብስብ ይረክሳል የሚለው ስለሆነ፣ ሁሉም ሊሆኑ የሚችሉ አሸፋፈኖች መታየት አለባቸው። የለ ትልቁ ጥቅል ከመ ሎት 4 ጋር 1,850,000 ይሆናል። የሀ ጥቅል ከሐ ሎት 1 እና ከመ ሎት 2 ጋር 1,860,000 ይሆናል። የለ ትንሹ ጥቅል ከሐ ሎት 3 እና ከመ ሎት 4 ጋር 1,960,000 ይሆናል። የለ ትንሹ ጥቅልና የሀ ጥቅል አብረው ግን 1,820,000 ብር ብቻ ናቸው። ከሁሉም ትንሹን ቅናሽ የሰጠው ጥቅል በአሸናፊው ስብስብ ውስጥ ገብቷል፤ ትልቁን የሰጠው ወጥቷል።

አራት ሎት በ15 መንገድ ብቻ ስለሚከፋፈል ይህን በነጭ ሰሌዳ ላይ በተጫራቾች ፊት መሥራት ይቻላል፤ እኔም የምመክረው ይህንኑ ነው። አሥር ሎት ግን 115,975 መንገድ አለው። የዚህ ዓይነቱ ምርጫ ሎቱና ጥቅሉ ሲበዛ ለሁሉም ሁኔታ በፍጥነት የሚሠራ ዘዴ አልተገኘለትም፤ ሆኖም በዚህ መጠን ላለ ጨረታ በማንኛውም ቢሮ ያለው ኤክሴል ከሶልቨር (የተሻለውን ምርጫ ፈልጎ ከሚያወጣው የኤክሴል ተጨማሪ መሣሪያ) ጋር በቂ ነው። እያንዳንዱ የቀረበ ዋጋ አንድ ረድፍ ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ ሎት አንድ ዓምድ ተከፍቶ ሎቱ በዋጋው ውስጥ ካለ 1፣ ከሌለ 0 ይሞላል፤ ከዚያም አንድ የዋጋና አንድ የውሳኔ ዓምድ ይጨመራል። ሶልቨር የውሳኔውን ዓምድ በ0 እና በ1 ብቻ እንዲሞላ፣ ዋጋው በውሳኔው ተባዝቶ የሚገኘውን ድምር ዝቅተኛ እንዲያደርግ፣ እያንዳንዱ ሎት በትክክል አንድ ጊዜ እንዲሸፈን፣ ከአንድ ተጫራች ክፍል 2 ከአንድ ጥቅል በላይ እንዳይመረጥ፣ ጥቅሉ የተመረጠለት ተጫራች የነጠላ ዋጋ ደግሞ እንዳይመረጥ ይታዘዛል። በኤክሴል የሚመጣው መደበኛ ሶልቨር ከ200 በላይ የውሳኔ ሕዋሶችን አይቀበልም፤ የጥቅል ብዛት መገደብ ያለበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እዚህ አንድ አደገኛ ቅንብር አለ። ሶልቨር በነባሪው ከምርጡ መልስ በ1 በመቶ ክልል ውስጥ ሲደርስ እንዲያቆም የተስተካከለ ነው፤ በቀድሞዎቹ የኤክሴል እትሞች ደግሞ ይህ መጠን 5 በመቶ ነበር። በምሳሌአችን በአሸናፊውና በሁለተኛው መካከል ያለው ልዩነት 20,000 ብር፣ ማለትም 1.1 በመቶ ገደማ ነው። ቅንብሩ 5 በመቶ ላይ ያለ ኮምፒውተር ሠን አሸናፊ አድርጎ «መልስ ተገኝቷል» ሊል ይችላል። ስለዚህ ሥራው ሳይጀመር ይህ ቁጥር ወደ 0 መውረድ፣ ውጤቱም በሌላ ኮምፒውተር ላይ በሌላ ሰው እንደገና መሠራት አለበት።

አንድ ሎት ማንም ዋጋ ካልሰጠበት ወይም የተሰጠው ዋጋ ከልክ በላይ ከሆነ ስሌቱ እንዳይቆም፣ አዘጋጁ ራሱ ለእያንዳንዱ ሎት ከጨረታው በፊት ያዘጋጀውን የግምት ዋጋ እንደ አንድ ተጨማሪ ረድፍ ያስገባል። ይህ ረድፍ ከተመረጠ ትርጉሙ ሎቱ ለማንም አልተሰጠም፣ እንደገና ይጫረታል ማለት ነው። የግምት ዋጋው ታሽጎ ተቀምጦ ከተጫራቾች ፖስታ ጋር በአንድ ላይ ቢከፈት ጥርጣሬን ይከላከላል። ሁለት ስብስቦች እኩል ቢመጡ ምን እንደሚደረግም በሰነዱ ይጻፍ፤ በአደባባይ የሚወጣ ዕጣ በቂ ነው።

አሸናፊው ስንት ይከፈለው?

የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ዊልያም ቪክሪ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ጥናት፣ አሸናፊ ራሱ ባቀረበው ዋጋ ሳይሆን ሌሎቹ ባቀረቡት ላይ ተመሥርቶ ቢስተናገድ እውነተኛ ዋጋውን መናገሩ እንደሚጠቅመው አሳይቷል። ሌሎቹ ተመራማሪዎች ክላርክ በ1971፣ ግሮቭስ በ1973 ሐሳቡን ስላሰፉት፣ ለጥቅል ጨረታም የሚሆን ደንብ ተገኝቷል። ደንቡ በምሳሌአችን ሲተገበር እንዲህ ይሆናል። ሀ ባይኖር ኖሮ ዝቅተኛው ወጪ የሠ 1,840,000 ነበር፤ ከዚህ ላይ የለ 620,000 ሲቀነስ ለሀ 1,220,000 ይከፈለዋል። በተመሳሳይ ስሌት ለለ 640,000 ይከፈለዋል። ድምሩ 1,860,000 ብር ነው። ሥራውን በሙሉ በ1,840,000 እሠራለሁ ያለው ሠ ውጭ ቆሞ እያየ ገዥው 20,000 ብር አብልጦ ከፈለ ማለት ነው። ለሒሳብ ሊቅ ይህ ማብራሪያ አለው፤ ለኦዲተር ግን የለውም።

ይህን ጉድለት ለማረም የኋላ ተመራማሪዎች ክፍያው ማንም የተሸነፈ ቡድን «እኔ ከዚህ ባነሰ አቀርብ ነበር» ሊል እስከማይችልበት ድረስ እንዲስተካከል አድርገዋል። በምሳሌው የሁለቱ ድምር ከ1,840,000 እንዳይበልጥ ከእያንዳንዳቸው 10,000 ሲቀነስ ሀ 1,210,000፣ ለ 630,000 ያገኛሉ። ብዙ አገሮች የሞባይል ሞገድ ሲሸጡ የተጠቀሙት ይህን መሰል ስሌት ነው። እርሱም ቢሆን ከጥያቄ አላመለጠም፤ ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ2012 ባካሄደችው የሞገድ ጨረታ የስልክ ኩባንያው ሰንራይዝ 481.7 ሚሊዮን ፍራንክ ሲከፍል፣ ተቀራራቢ ሞገድ ያገኘው ተፎካካሪው ኦሬንጅ የከፈለው 154.7 ሚሊዮን ነበር። ደንቡ አልተጣሰም፤ ነገር ግን ይህን ልዩነት ለሕዝብ ማስረዳት ከባድ ነው።

ከዚህ ተነስቼ ለአንድ ዩኒየን ወይም ወረዳ የምመክረው እያንዳንዱ አሸናፊ ያቀረበውን ዋጋ እንዲከፈለው ነው። ተጫራቾች ከእውነተኛ ወጪያቸው በላይ የተወሰነ ትርፍ ጨምረው እንደሚያቀርቡ ግልጽ ነው፤ ይህን የሚቀንሰው የተጫራቾች መብዛት እንጂ የረቀቀ የክፍያ ቀመር አይደለም። ማንም ተጫራች በወረቀትና በእርሳስ ሊያረጋግጠው የማይችል ክፍያ እምነትን ያሳጣል፤ እምነት ያጣ ጨረታ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ተጫራች ያጣል።

የአነስተኞቹ ችግርና መመሳጠር

ሀ እና ለ ሠን ያሸነፉት ሳይነጋገሩ በአንድነት ነው። ሀ «ለ ይቀንሳል፣ እኔ ትንሽ ልጨምር» ብሎ 1,220,000፣ ለም በተመሳሳይ ሐሳብ 630,000 ቢያቀርቡ ድምራቸው 1,850,000 ሆኖ ሥራው ሁሉ ወደ ሠ ይሄዳል። እያንዳንዱ አነስተኛ ተጫራች መሥዋዕትነቱን ለሌላው የሚተውበት ይህ ዝንባሌ ጥምር ጨረታ ለትልልቆች የሚያደላበት ዋነኛ በር ነው። ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ሊጠብ ግን ይችላል። አንዱ መንገድ አንድ ተጫራች ሊወስድ የሚችለውን የሎት ብዛት መገደብ ነው፤ በአራት ሎት ጨረታ ሦስት ቢባል የሠ ዋጋ ተቀባይነት አይኖረውም። ሆኖም ገደቡ ራሱ ዋጋ አለው፤ ሠ በእውነት 1,700,000 ሊያቀርብ የሚችል ቢሆን ኖሮ ገዥው ይጎዳ ነበር። አቅራቢዎች በሚበዙበት ሥራ ገደብ አያስፈልግም፤ አንድ ትልቅ ድርጅት ሌሎቹን ከገበያ ካስወጣ በኋላ የሚቀጥለውን ዓመት ዋጋ ብቻውን ይወስናል ተብሎ በሚፈራበት ግን ዛሬ ጥቂት ከፍሎ ነገ ተወዳዳሪ ማግኘት ይሻላል።

መመሳጠርን በተመለከተ፣ ጥምር ጨረታ ከተለመደው ይልቅ የሚጋለጥበት ነጥብ አለ። አንድ ባለንብረት በሁለት ንግድ ፈቃድ ገብቶ ከክፍል 2 ሁለት ጥቅሎችን ሊያሸንፍ፣ የሎት ገደቡንም ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ የአንድ ቤተሰብ ወይም የአንድ ባለቤት የሆኑ ድርጅቶች እንደ አንድ ተጫራች እንደሚቆጠሩ በሰነዱ ይገለጽ፤ ያው ሊብሬ በሁለት ፖስታ ውስጥ መገኘቱም ከውድድር እንደሚያሰርዝ ይጻፍ። በሌላ በኩል ሁለት አነስተኛ ባለመኪኖች በግልጽ በሽርክና አንድ ፖስታ ማቅረባቸው ሊበረታታ እንጂ ሊከለከል አይገባም።

ለሽያጭ ከሆነ

የገበያ ሼዶችን ወይም አጎራባች ሱቆችን የሚያከራይ፣ አሮጌ ዕቃ የሚያስወግድ ተቋምም ይህንኑ መንገድ ይከተላል፤ ልዩነቱ የሚመረጠው ስብስብ ከፍተኛውን ድምር የሚያስገኘው መሆኑ ነው። ግድግዳ አፍርሶ ሁለት ሱቆችን አንድ ማድረግ የሚፈልግ ነጋዴ የጥቅል ዋጋ ይሰጣል፤ አንዱን ብቻ የሚፈልገው ከሁለቱ የትኛውንም እንደሚቀበል ይገልጻል። በሽያጭ ጊዜ የግምት ዋጋው መነሻ ዋጋ ይሆናል። ዋጋው በየዙሩ እየወጣ የሚሄድ የሐራጅ ዓይነትም አለ፤ ፖል ሚልግሮምና ሮበርት ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ2020 የኖቤል ሽልማት ያገኙት በጨረታ ንድፈ ሐሳብና በአዳዲስ የጨረታ ዓይነቶች ላይ በሠሩት ሥራ ሲሆን፣ አሜሪካ ከ1994 ጀምሮ የሬዲዮ ሞገድ የሸጠችበት በብዙ ዙር የሚካሄድ ጨረታ ከዚያ ሥራ አንዱ ነው። በዙር መጫረት ተጫራቹ የሌሎቹን ዋጋ እያየ እንዲማር ያደርጋል፤ ነገር ግን ብዙ ቀን፣ ብዙ ደንብና ጠንካራ ሶፍትዌር ይጠይቃል። ለሱቅ ኪራይ አንድ የታሸገ ፖስታ ይበቃል።

የመክፈቻው ቀንና ከዚያ በኋላ

ሰነዱ ከተሸጠ በኋላ፣ ፖስታ ከመግባቱ ቢያንስ አንድ ሳምንት በፊት፣ ተጫራቾችን ሰብስቦ በፈጠራ ቁጥር የተሞላ ቅጽ ማሳየትና አሸናፊው እንዴት እንደሚወጣ በሰሌዳ ላይ ሠርቶ ማስረዳት ያስፈልጋል። ይህ ስብሰባ ከቀረ ተጫራቾች ክፍል 2ን ባዶ ይተዉታል፤ ጨረታውም ወደ ተለመደው «በሎት» ይመለሳል።

በመክፈቻው ቀን እያንዳንዱ ነጠላና ጥቅል ዋጋ ከነሎት ቁጥሩ ጮክ ተብሎ ይነበብ፣ በሁሉም ፊት በሰሌዳ ላይ ይጻፍ፣ ተጫራቾችም ፎቶ ማንሳት ይፈቀድላቸው። ከዚያ በኋላ የሚመጣ የቅናሽ ደብዳቤ ተቀባይነት የለውም፤ በጥምር ጨረታ የአንድ ሰው 5,000 ብር ቅናሽ የማይመለከታቸውን ሌሎች አሸናፊዎች ሁሉ ሊያወጣ ይችላልና። የቴክኒክ ግምገማው ከዋጋው መክፈቻ በፊት መጠናቀቅ አለበት፤ ዋጋ ከታወቀ በኋላ አንድ ተጫራች በቴክኒክ ቢወድቅ ስብስቡ በሙሉ ይለወጣል፣ የወደቀበትም ምክንያት ሁሉ ይጠረጠራል።

የውጤት ማስታወቂያው ላይ አሸናፊዎቹና ዋጋቸው ብቻ ሳይሆን የአሸናፊው ስብስብ ጠቅላላ ድምር፣ እንዲሁም እያንዳንዱ የተሸነፈ ተጫራች አሸናፊ ቢሆን ኖሮ የሚገኘው ዝቅተኛ ድምር ይጻፍ። ሠ «የእናንተ ዋጋ 1,840,000፣ የአሸናፊው ስብስብ 1,820,000» የሚል ደብዳቤ ሲደርሰው፣ መ ደግሞ ያለበት ምርጥ ስብስብ 1,850,000 እንደነበር ሲያይ፣ በሰሌዳው ላይ ከነበሩት ቁጥሮች ጋር አመሳክሮ ራሱ ያረጋግጣል። የቅሬታ ማቅረቢያው ጊዜ ሳያልቅ ከአሸናፊዎቹ ከአንዱም ጋር ውል መፈረም አይገባም፤ አንዱ አሸናፊ ውል ለመፈረም እምቢ ካለም ስሌቱ እርሱን አውጥቶ እንደገና መሠራቱን እንጂ ሎቶቹ ለቀጣዩ ዝቅተኛ ዋጋ አቅራቢ በቀጥታ መተላለፍ እንደሌለባቸው በሰነዱ አስቀድሞ መስፈር አለበት። ሀ ቢያፈገፍግ ለ ያሸነፈበት ስብስብ አብሮ ይፈርሳል፤ ያኔ ዝቅተኛው የሠ 1,840,000 ስለሚሆን ለ ያለ ጥፋቱ ሥራ ያጣል፤ ይህ እንዳይሆን የሚፈልግ አዘጋጅ ውል ያልፈረመ አሸናፊ የማስከበሪያ ገንዘቡ ሲወረስ ከፊሉ ለተጎዳው ተጫራች ካሳ እንዲውል፣ የሚመራበት ደንብ ከፈቀደለት፣ ሊደነግግ ይችላል።